«ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ
በሥራ ምክንያት ስለሚመጣ በሽታና ስለ ካሳው



በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አጥቢያዎች ከምናገለግላቸው ምእመናን መካከል በጨርቃጨርቅ ፋብሪካና በአበባ እርሻ የሚሠሩ አሉ። እጅ በማሽን ሲቆረጥ የሥራ ባልደረባ ምስክር ይሆናል፤ ሳንባ በጥጥ ብናኝ ቀስ በቀስ ሲጎዳ ግን የሚያይ የለም። ሕመምተኛው «ብርድ መታኝ» ብሎ ሥራውን ይለቅና ወደ ጠበል ይመጣል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከሐኪሙ ቀድሞ የሚሰማው ካህኑ ነው።

ጣሊያናዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ሐኪም ሁሉ የሕመምተኛውን ሥራ እንዲጠይቅ አሳስቦ ነበር። ይህ ጥያቄ ለነፍስ አባትም ይገባል። ቢሲኖሲስ የተባለው የጥጥ ብናኝ በሽታ ሲጀምር ደረት የሚያፍነው ከዕረፍት በኋላ ሥራ በሚጀመርበት ቀን ነው። እሑድ ቅዳሴ ቆሞ ደኅና የዋለ ሰው ሰኞ ማታ ትንፋሽ ካጠረው፣ ነገሩ ብርድ ላይሆን ይችላል። ጠበሉን ይጠመቅ፤ ወደ ሐኪምም ይላክ። ሁለቱ ይጣላሉ የሚል ቢኖር መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ይመልከት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራው ዓይነት ወይም በሥራው አካባቢ ምክንያት የሚመጣን በሽታ እንደ ጉዳት ይቆጥረዋል፤ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ጉዳቱ ደረሰ የሚባለው ሠራተኛው መሥራት ባቃተው ወይም ሐኪም በሽታውን መጀመሪያ ባወቀበት ቀን ነው። በአዋጁ መሠረት የተለየ ጊዜ ካልተወሰነ በቀር የክስ መብት በአንድ ዓመት ይቀራልና ይህ ቀን በጽሑፍ መያዝ አለበት። የሐኪሙ ወረቀት በቤት ተቀምጦ ዓመቱ ካለፈ፣ እውነተኛ በሽታ ያለ ካሳ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው ወረቀት የሥራ ምስክር ወረቀት ነው። አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን ጽፎ፣ ሠራተኛው ሲጠይቅ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። በሽታው በመንግሥት ሠንጠረዥ ከተዘረዘረና ሠራተኛው በተዛማጁ ሥራ ላይ ከነበረ፣ ይህ ራሱ በቂ ማስረጃ ይሆናል። በሠንጠረዡ ባይኖርም ማስረዳት አልተከለከለም። በአበባ እርሻ መድኃኒት ለምትረጭ እኅት፣ በዕቃው ላይ የተጻፈውን የኬሚካል ስም መገልበጥ ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው።

መሥራት ላቃተው ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈላል። ቋሚ ጉዳት ከሆነ መጠኑን የሕክምና ቦርድ ይወስናል። ሠራተኛው ፍርድ ቤት ቢሄድ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ ሰበካ ጉባኤው ሊረዳው የሚችለው በትራንስፖርት፣ በፎቶ ኮፒና አብሮት በሚሄድ ሰው ነው።