የናቡቴ ርስትና የዘመናችን ሰፋፊ እርሻዎች

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 የተጻፈውን የናቡቴን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለ ስስት ስናስተምር ብዙ ጊዜ እንጠቅሰዋለን። በዚህ ትምህርት ግን ታሪኩን ከመሬት ጥያቄ ጋር አያይዘን እንመለከተዋለን፤ ሰፊ መሬት ለትልልቅ እርሻ በሚሰጥበት ስፍራ ሁሉ የገጠሩ ሕዝብ የሚያነሣው ጥያቄ የናቡቴ ጥያቄ ነውና።

1. ማኅተም ያረፈበት በደል

ንጉሥ አክዓብ በመጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ ለሰሚው ክፉ አይመስልም። የናቡቴ ወይን ቦታ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ስለ ነበረ ለአትክልት ፈለገው፤ በምትኩም የተሻለ ቦታ ወይም ዋጋውን በገንዘብ ሊሰጥ ቃል ገባ። ናቡቴ እምቢ ያለው ዋጋው አንሶበት አልነበረም። መሬቱ ከአባቶቹ የተቀበለውና ለልጆቹ የሚያወርሰው ርስት ነበረ። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 እንደሚያስተምረን ምድር የእግዚአብሔር ናት፤ ሰው በእርስዋ ላይ እንግዳና ባለ አደራ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ እንበል። ኤልዛቤል ወንበዴ አልላከችም። ደብዳቤ አጻፈች፤ በንጉሡ ማኅተም አተመች፤ ጾም ታወጀ፤ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ሁለት ምስክሮችም ቆሙ። በሥርዓቱ በኩል የጎደለ ነገር አልነበረም። የጎደለው እውነትና የባለ ርስቱ ፈቃድ ነበር። ሽማግሌዎቹም እውነቱን እያወቁ የታዘዙትን ፈጸሙ።

2. ከሀገራችን አንድ ምሳሌ

እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 የምግብ ዋጋ በዓለም ላይ በናረ ጊዜ ብዙ ኩባንያዎች በአፍሪካ የእርሻ መሬት መፈለግ ጀመሩ። የሀገራችን መንግሥትም የውጭ ምንዛሪ፣ የሥራ ዕድልና ዘመናዊ የአስተራረስ ዘዴ ይገኛል በማለት በቆላማ ክልሎች ሰፊ መሬት አከራየ። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ በጋምቤላ 100,000 ሄክታር ለ50 ዓመት ለመያዝ ተዋዋለ። ይህም 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ማለትም የአዲስ አበባን ስፋት እጥፍ ያህል ነው። ኪራዩ ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር ነበር።

እንዲህ ያለው መሬት ብዙ ጊዜ ባዶ መሬት ይባላል። ነገር ግን በጋምቤላ አኙዋኩ በወንዝ ዳር በቆሎና ማሽላ ይዘራል፤ ዓሣ ያጠምዳል፤ መሬቱም ሲደክም ያሳርፈዋል። ኑዌሩ በበጋ ከብቱን ወደ ውኃ ዳር ያወርዳል። መዠንግሩ በደኑ ውስጥ ቀፎ ይሰቅላል። ከሩቅ ለሚያየው ዳዋ የሚመስለው ለነዋሪው ጎተራው፣ ግጦሹና የአባቶቹ መቃብር ነው።

በእነዚያው ዓመታት በክልሉ 45,000 ያህል አባወራዎችን በመንደር ለማሰባሰብ ታቅዶ ነበር። መንግሥት ዓላማው ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ንጹሕ ውኃ ማቅረብ እንደ ሆነ፣ በፈቃደኝነት እንደሚፈጸምና ከመሬት ኪራዩ ጋር ግንኙነት እንደሌለው ገለጸ። የሰብአዊ መብት ተከራካሪዎች ግን ብዙዎች ተገድደው እንደ ተነሡና የተባለው አገልግሎት እንዳልተሟላላቸው ዘገቡ።

ፍጻሜውስ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ2011 የባሮ ወንዝ ሞልቶ የኩባንያውን በቆሎ አጠፋው። ባሮ በክረምት ከዳርቻው እንደሚወጣ ደግሞ የወንዙ ዳር ሰው ከልጅነቱ ያውቃል። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. መንግሥት መሬቱ በውሉ መሠረት አልለማም በማለት ውሉን አፈረሰ። እንግዲህ የነዋሪውን ምክር መናቅ ፍትሕን ከማጉደሉም በላይ ልማቱን ራሱን ይጎዳል።

3. ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች?

ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት ፖፑሎሩም ፕሮግሬሲዮ በተባለው መልእክታቸው የምድር ሀብት ለሰው ሁሉ እንደ ተፈጠረ አስተምረዋል። ሳይለማ የተቀመጠ ሰፊ ይዞታ የብዙኃኑን ኑሮ ሲያሰናክል ለጋራ ጥቅም ሊወሰድ እንደሚችልም ገልጸዋል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ልማትን አትቃወምም። እ.ኤ.አ. በ1997 ጳጳሳዊው የፍትሕና የሰላም ምክር ቤት መሬት በጥቂቶች እጅ መከማቸቱንና ነባር ሕዝቦች ከይዞታቸው መነቀላቸውን ነቅፏል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ላውዳቶ ሲ በተባለው መልእክታቸው ለነባር ሕዝቦች መሬት የገበያ ዕቃ ሳይሆን የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆነ፣ መሬታቸውን የሚነካ ትልቅ ሥራ ሲታሰብም በቅድሚያ እነርሱ ሊመከሩ እንደሚገባ አሳስበዋል።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የሀገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ ሲደነግግ፣ ገበሬው ከመሬቱ ያለመነቀል፣ አርብቶ አደሩም ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው አስፍሯል።

4. ከእኛ የሚጠበቀው

በብዙ መንደሮች ማንበብና መጻፍ የሚችለው የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ነው። ስለዚህ ስብሰባ ሲጠራ፣ ቃለ ጉባኤ ሲጻፍ፣ ፊርማ ሲሰበሰብ ሽማግሌ ሆኖ የሚጠራው እርሱ ነው። የኢይዝራኤል ሽማግሌዎች ፈተና በዚያች ሰዓት በእርሱ ላይ ይደርሳል። እኛ ካህናትም ብንሆን መናገር ሲገባን ዝም ያልንባቸው ጊዜያት እንዳሉ አንክድም።

ስለዚህ ስማችንን ከማስፈራችን በፊት ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ። አንደኛ፣ ሴቶች፣ መበለቶችና ወጣቶች ሳይቀሩ ሕዝቡ ነገሩን በቋንቋው ሰምቶ ያለ ፍርሃት መልስ ሰጥቷልን? ሁለተኛ፣ ካሣው ኑሮን እንደገና ለማቋቋም የሚበቃ ነውን? ከመነሣት በፊትስ ይከፈላልን? ሦስተኛ፣ ሥራው ቢከሽፍ መሬቱ ለማን ይመለሳል?

እነዚህን መጠየቅ መንግሥትን መቃወም ወይም ባለ ሀብትን መጥላት አይደለም። ለእውነት መመስከር ነው። ነገር ግን በመንደራችን የመበለቲቱን ድንበር እየገፋን ስለ ትልልቆቹ እርሻዎች ብንናገር ቃላችን አይሰማም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

ሀ. በቁምስናችን አካባቢ ባዶ የሚባል መሬት አለን? በእርግጥ ማን ይጠቀምበታል?

ለ. ከኢይዝራኤል ሽማግሌዎች አንዱ እምቢ ቢል ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

ሐ. ከመሬቱ የተነሣ ቤተሰብ ወደ መንደራችን ቢመጣ ቁምስናችን እንዴት ይቀበለዋል?