ከልደት ጀምሮ ያለ ባዶ ቦታ፦ ሁሉም ቆረቆር አይደለም

በዛሬው የጤና ትምህርታችን በሕጻናት ራስ ላይ ከልደት ጀምሮ ስለሚኖር ፀጉር አልባ ቦታ እንማማራለን።

ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ሲወጣለት ፀጉሩ ይላጫል። በኋላ አንድ ቦታ ባዶ ሆኖ ሲቀር «ምላጩ ነው» ይባላል። ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ «ቆረቆር ነው» ተብሎ ከእኩዮቹ ይገለላል፤ የማያስፈልገውንም መድኃኒት ለሳምንታት ይውጣል። በእረፍት ወደ ቤተሰብ ስንመለስ እንዲህ ያለ ልጅ ቢገጥመን ሁለት ጥያቄ እንያዝ።

የመጀመሪያው «መቼ ታየ?» ነው። እናትየውን እንጠይቅ፤ የሕጻንነት ፎቶዎችንም እንመልከት። ቆረቆርና ላሽ ብዙውን ጊዜ ቆይተው የሚመጡ ናቸው፤ ይሰፋሉ፣ ይለዋወጣሉ። ከልደት ያለው ግን ባለበት ይቆያል።

ሁለተኛው «ቆዳው ምን ይመስላል?» ነው።

1. ቆዳው ጤናማ፣ ቅርፊትም ጠባሳም የሌለው፣ በግንባርና በጆሮ መካከል ያለ ሦስት ማዕዘን ቦታ ከሆነ፣ ቀረብ ብለን ስናየው ስስ ለስላሳ ፀጉር እናገኛለን። ሳቡሮ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1905 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። አይጎዳም፣ አይተላለፍም። አንዳንዱ ግን ከ2 ዓመት በኋላ ነው ልብ የሚባለው፤ ስለዚህ ከላሽ ጋር ይምታታል።

2. ቢጫ ወይም ቡናማ፣ ሰም የመሰለ፣ ትንሽ ከፍ ያለ ከሆነ የቆዳ ወዝ ዕጢዎች ምልክት ነው። በጉርምስና ወቅት ይወፍራል፤ የቆዳ ሐኪም ሊከታተለው ይገባል።

3. ሲወለድ ቁስል ወይም ስስ ሽፋን ከነበረና ጠባሳ ከተወ፣ ቆዳው በማኅፀን ሳለ ሳይሟላ ቀርቷል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአናት ላይ ይገኛል።

በሦስተኛው ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በባዶው ቦታ ዙሪያ ጥቁርና ረጅም ፀጉር እንደ ቀለበት ከከበበው፣ ከሥሩ ከአንጎል ጋር የሚገናኝ ነገር ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለውን መብጣትም ሆነ መቁረጥ አይገባም፤ አስቀድሞ የራስ ምስል ምርመራ ያስፈልገዋል።

ቅርፊት፣ ማሳከክና የተሰባበረ ፀጉር ካየን ግን በእርግጥም ቆረቆር ሊሆን ይችላልና ልጁ በጊዜ ይታከም። የእኛ ድርሻ በሽታውን መወሰን አይደለም። ጠይቀን፣ አይተን፣ ቤተሰቡን ወደ ቆዳ ሐኪም መምራት ነው። የማይተላለፍ ነገር ይዞ የተገለለ ልጅ ካለም ከእኩዮቹ ጋር እንዲቀመጥ እንናገርለት።