ብዙ ሰምቶ ጥቂት መያዝ



በአሳይታ በአንድ ለቅሶ ቤት ተገኝተን ሳለ መብራት ጠፋ። መዝሙር ያሰማ የነበረው ድምፅ ማጉያም ዝም አለ። ወጣቶቹ ዜማውን ተቀብለው ሊቀጥሉ ቢሞክሩ ከመጀመሪያው ስንኝ በኋላ ቃሉ ጠፋባቸው። ስልካቸውን አውጥተው ሲፈልጉ አንዲት አረጋዊት እናት መዝሙሩን በቃላቸው እስከ መጨረሻው አደረሱልን። ልጆቻችን መዝሙሩን በኪሳቸው ይዘውታል፤ በልባቸው ግን አልያዙትም። ነገሩ ስላሳሰበን በዚህ ትምህርት ልንመረምረው ወደድን።

ቀድሞ ሙዚቃ ጥቂትና ውድ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በአዲስ አበባ አምሃ ሬከርድስን ሲመሠርት ሸክላዎቹ በውጭ አገር እየታተሙ ይመጡ ነበር፤ ትንሹ ሸክላም በአንድ ገጹ አንድ ዘፈን ያህል ብቻ ይይዛል። ከዚያም የካሴት ዘመን መጣ። ካሴትም ቢሆን በገንዘብ ይገዛ፣ ከጎረቤት ይዋስ፣ ባትሪ ለመቆጠብ ሲባልም በእስክሪብቶ ይጠነጠን ነበር። ያለውን አንድ ካሴት ደጋግሞ የሚያዳምጥ ሰው ግጥሙን ሳያስበው ያጠናዋል።

ዛሬስ? አንድ መዝሙር 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ ጥፍር የምታህል ባለ 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ 8,000 ያህል መዝሙር ትይዛለች። እያንዳንዱ 4 ደቂቃ ቢፈጅ ሌትና ቀን ሳያቋርጡ ለመስማት 22 ቀን ያስፈልጋል። ስለዚህ ከአዋሽ ወደ ሰመራ የሚጓዘው መንገደኛ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይከፍታል።

ታዲያ መብዛቱ በራሱ ክፉ ነውን? አይደለም። ከከተማ ርቆ የሚያስተምር ካቴኪስት ቀድሞ ሊያገኘው የማይችለውን ዜማ ዛሬ በስልኩ ያገኛል፤ ይህም ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ቀድሞ ለሙዚቃ ዋጋ የሚሰጠው እጥረቱ ነበር፤ ዛሬ ዋጋ መስጠት የአድማጩ ድርሻ ሆኗል።

ለዚህም ከአፋር ወገኖቻችን የምንማረው አለ። በዳጉ ሥርዓት መንገደኞች ሲገናኙ ጉዟቸውን ገትተው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። ሰሚው በተራው ለሌላው የሚያደርስ በመሆኑ አጣርቶ ያዳምጣል። የቅዱስ ያሬድ ዜማም እንዲሁ ነው፤ ምልክቱ በመጽሐፍ ቢጻፍም፣ ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ በቃሉ ካልያዘው ተማረ አይባልም። እንግዲህ አደራ ተቀባይ ሆኖ ማዳመጥ ማለት ይህ ነው።

ስለሆነም እስከሚቀጥለው እትም ባሉት ሦስት ወራት በየቁምስናችን አንድ መዝሙር ብቻ እንምረጥ። ስልክ ሳንይዝ እንማረው፣ በትርጉሙ እንወያይ፣ ከዚያም እያንዳንዳችን ለአንድ ሕፃን እናስተምረው።

ለውይይት፦
1. እስከ መጨረሻው በቃላችን የምናውቃቸው መዝሙሮች ስንት ናቸው? ከማንስ ተማርናቸው?
2. በቤታችን ሙዚቃ ተከፍቶ ሲውል በእርግጥ የሚያዳምጠው ማን ነው?