አምባር፦ ከአዱሊስ ገበያ እስከ ደባርቅ

ዛሬ ማሰሪያው እየተቀያየረ ስለሚደረግ የእጅ ሥራ አምባር እንማማራለን። ንድፉን ከየት እናምጣ? ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

1. የጥንቱ አምባር

እ.ኤ.አ. በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈ አንድ የባሕር ነጋዴዎች መመሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል መዳብን ይጠቅሳል። መዳቡ ለማብሰያ ዕቃ፣ እየተቆረጠም ለሴቶች አምባርና አልቦ ይውል ነበር። እዚያው አዱሊስ የነበረና በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተገለበጠ ጽሑፍ ደግሞ፣ አንድ ንጉሥ በበረዶ በተሸፈነ ተራራ ላይ የሚኖሩትን የስሜን ሰዎች እንዳስገበረ ይናገራል። የደባርቅና የዳባት ልጆች፣ አገራችሁ ያኔም ስሟ ይታወቅ ነበር ማለት ነው!

በብዙዎቹ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ላይ የንጉሡ ምስል በሁለት የእህል ዛላ መካከል ይታያል። ገብስ ለሚበቅልበት አገር ከዚህ የተሻለ ንድፍ የት ይገኛል?

2. አሠራሩ

ሀ. አንጥረኛ ወይም ቀጥቃጭ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስስ መዳብ ቆርጦ በሁለቱም ጫፍ ቀዳዳ ያውጣለት። ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ በሞረድ ይለስልስ።

ለ. መዳቡን ገልብጣችሁ ለስላሳ እንጨት ላይ አድርጉ። ዛላውን በሚስማር ጫፍ ነጥብ በነጥብ ምቱት፤ በፊት በኩል ጎልቶ ይወጣል።

ሐ. ከቆዳ፣ ከጥጥ ፈትልና ከበግ ሱፍ ሦስት ማሰሪያ አዘጋጁ። አንዱን በቀዳዳዎቹ አሳልፎ እጅ ላይ ማሰር፣ ሲያስፈልግ ፈትቶ ሌላውን ማስገባት ነው።

ጥቅሙ ምንድን ነው? ማሰሪያ ቶሎ ያልቃል፤ መዳቡ ግን ይቆያል። ደንበኛ ሲመለስ በትንሽ ዋጋ ማሰሪያ ብቻ ይገዛል። ቱሪስት ብቻ አትጠብቁ፤ በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲጀመር እንግዳ እንዴት እንደቀረ አይታችኋል። ለሰፈራችሁ ሰውም ሥሩ።

ማሳሰቢያ፦ ንድፉን ቅዱ እንጂ ጥንታዊ ሳንቲም በስታችሁ አትሽጡ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል።

3. “ቀጥቃጭ” ስድብ ነው እንዴ?

በጎንደር አካባቢ ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ለዘመናት “ቡዳ” እየተባሉ ተገልለዋል፤ ከነሱ ጋር መጋባትም ነውር ነበር። ገበሬው ግን የሚያርሰው እነሱ በሠሩት ማረሻ፣ እንጀራውም የሚጋገረው እነሱ በሠሩት ምጣድ ነው! መገለል እውቀትን ይገድላል፤ የአባቱን ሙያ ያፈረበት ልጅ ሙያውን ከአባቱ ጋር ይቀብረዋል። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖቻችንን የሚጎዳው መገለልም የዚሁ ታላቅ ወንድም ነው። አምባሩን ለመሥራት መጀመሪያ የምታንኳኩት የቀጥቃጩን በር መሆኑን አትርሱ። ስትገቡም “አባባ፣ ያስተምሩኝ” በሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰፈራችሁ የተናቀ ሙያ የትኛው ነው? ያለሱ መኖር ይቻላል?
2. የክፍል ጓደኛችሁ በወላጁ ሙያ ሲሰደብ ብትሰሙ ምን ታደርጋላችሁ?