ድንኳን ሳይተከል የሚጀምር ኀዘን፦ የመርሳት ሕመም የገባበትን ቤተሰብ ስለ መርዳት

አንዲት እናት ሌሊት ተነሥተው ነጠላቸውን ይለብሱና «ገበያው ሊበተንብኝ ነው» እያሉ በሩን ይገፋሉ። ከሞቱ 30 ዓመት ያለፋቸውን እናታቸውን ይጣራሉ፤ የወለዷትን ልጅ ግን «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል። ልጅቱ ቀን ስታበስልና ስታጥብ ውላ፣ ሌሊት በር ስትጠብቅ ታድራለች። ጎረቤትም «እርጅና ነው፤ ጃጅተዋል» ብሎ ያልፋል። እንዲህ ያለው ቤት ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ሕመሙ ምን እንደ ሆነና ቤተሰቡን እንዴት መርዳት እንደሚቻል በዚህ ትምህርት እንመለከታለን።

1. ሕመሙ ምንድን ነው?

በሕክምና ቋንቋ ዲሜንሺያ የሚባለው የመርሳት ሕመም፣ ማስታወስን፣ ማሰብን፣ መናገርንና የዕለት ተግባርን ማከናወንን ቀስ በቀስ የሚያዳክሙ የአንጎል በሽታዎች የጋራ መጠሪያ ነው። ከእነዚህ የሚበዛው ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ለሐኪሞች ጉባኤ የገለጠውና በስሙ የሚጠራው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2021 ሕመሙ የነበረባቸው 57 ሚሊዮን ሰዎች ሲሆኑ፣ ከመቶ 60 የሚበልጡት በአነስተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ይኖሩ ነበር።

ሕመሙ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ይበዛል እንጂ የእርጅና የግድ ዕጣ አይደለም፤ እርግማንም፣ የቡዳ ሥራም አይደለም። አልዛይመር እስከ ዛሬ ፈውስ አልተገኘለትም። ሆኖም የታይሮይድ እጢ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የመንፈስ ጭንቀት ወይም የአንዳንድ መድኃኒቶች ጠንቅ ይህንኑ ሕመም ሊመስሉ ይችላሉ፤ እነዚህም በሕክምና ሊሻሻሉ ስለሚችሉ ሕመምተኛውን አስቀድሞ ለሐኪም ማሳየት ይገባል።

2. ከሌሎች ምን እንማራለን?

በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕመሙ ይነገር የነበረው፣ ንቀትንና ቂልነትን የሚያሰማው ቃል ተትቶ በሌላ ተተካ። በ2005 ደግሞ የሱቅና የባንክ ሠራተኞችን፣ ተማሪዎችንም ሳይቀር በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ትምህርት «ደጋፊ» የሚያሰኝ ሥራ ተጀመረ። ይህን ትምህርት እስካሁን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ወስደዋል። ደጋፊው አስታማሚ አይደለም፤ መንገድ የጠፋበትን አዛውንት ሲያይ ግን ሳይስቅና ሳይቆጣ አነጋግሮ ወደ ቤቱ የሚመልስ ነው።

በሆላንድ፣ በላይደን ከተማ፣ የሥነ ልቡና ባለሙያው ቤሬ ሚሰን እ.ኤ.አ. በ1997 ሕመምተኞች፣ ቤተሰቦቻቸውና ባለሙያዎች ቡና እየጠጡ በግልጽ የሚነጋገሩበትን ስብሰባ ጀመረ። ይህም ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። ቡና አፍልቶ ጎረቤት መጥራት ለእኛ የቆየ ልማድ ነው፤ የጎደለን ይህን ሕመም በዚያ ዙሪያ ሳናፍር ማንሣት ነው።

3. እኛስ ምን እናድርግ?

ዕድራችን ለሞት ፈጣን ነው፤ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ኀዘንተኛውንም ብቻውን አይተወውም። የመርሳት ሕመም በገባበት ቤት ግን ኀዘኑ የሚጀምረው ሰውየው በሕይወት እያለ፣ ድንኳን ሳይተከል ነው፤ ያን ጊዜ የሚመጣ ጥቂት ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 3 ልጅ አእምሮው የደከመውን አባቱን እንዲታገሥና እንዳያቃልለው ይመክራል። ይህ ምክር በአንዲት ልጅ ትከሻ ላይ ብቻ የሚወድቅ ሸክም እንዳይሆን ማኅበረሰቡ ሊካፈለው ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከእንክብካቤው ሰዓት ከመቶ 70ውን የሚሰጡት ሴቶች ናቸውና።

በቁምስናችን ወይም በሠፈራችን ልንጀምራቸው የምንችላቸው እነዚህ ናቸው፦

ሀ. ተራ መግባት። ሁለት ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት ሕመምተኛው ዘንድ ይቀመጡ፤ አስታማሚዋም ትተኛ፣ ገበያ ትውጣ ወይም ቅዳሴ ትሂድ። ሰዎቹ ባይለዋወጡ ይመረጣል፤ አዲስ ፊት ሕመምተኛውን ያስጨንቃልና።

ለ. የአነጋገር ጥበብ። አንድ ነገር ብቻ፣ በአጭሩና በዝግታ መናገር። የሞቱ እናታቸውን ለሚጠሩ «ሞተዋል» እያሉ በየቀኑ መርዶ ከማርዳት «እናትዎ እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?» ብሎ ማጫወት ይሻላል።

ሐ. ጥበቃ። የከሰል ምድጃን ማራቅ፣ ሌሊት መብራት መተው፣ የቤተሰብን ስልክ ቁጥር በልብሳቸው ኪስ ማኖር፣ ለባለሱቁና ለዘበኛው ማስታወቅ። በር ቆልፎ ብቻቸውን መተው ግን አደጋ ነው።

መ. የወር ቡና። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያላቸው ቤተሰቦች በወር አንድ ጊዜ ተገናኝተው ድካማቸውን ይነጋገሩ። «አንዳንድ ቀን እቆጣለሁ፤ ኋላም አለቅሳለሁ» ያለች አስታማሚ ምክር ከመስማት በፊት ሰሚ ያስፈልጋታል።

ለውይይት

1. በአካባቢያችን በዚህ ምክንያት ከቤት መውጣት ያቆመ ቤተሰብ አለን? ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቅነው መቼ ነው?
2. «ጃጀ» የሚለውን ቃል በምን እንተካው?
3. ዕድራችን ከሞት በፊት ምን ሊሠራ ይችላል? በመጪው ሳምንት የመጀመሪያውን ተራ የሚገቡት ሁለት ሰዎች እነማን ናቸው?