ከጋራ ወረፋ ወደ ተለየ መስመር፦ በባክቴሪያ ውስጥ ፕሮቲንን በትእዛዝ ማፍረስ

ዘረመልን በትእዛዝ ማጥፋት በሲንቴቲክ ባዮሎጂ የተለመደ ተግባር ሆኗል። አስቸጋሪው ዘረመሉ ከመጥፋቱ በፊት የተመረተው ፕሮቲን ነው። የተረጋጋ ፕሮቲን በኢ. ኮላይ ውስጥ የሚቀንሰው በዋናነት ሴሉ በተከፈለ ቁጥር ለሁለት በመካፈሉ ነው፤ ዕድገት ሲገታ ፕሮቲኑም ባለበት ይቆያል። በመሆኑም ፈጣን ምላሽ የሚጠበቅበት የዘረመል ሰርኪት ከማምረቻው ጎን ማፍረሻም ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው ማፍረሻ የተገኘው ከባክቴሪያው ከራሱ ነው። ራይቦዞም በተበላሸ መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ ላይ ሲቆም፣ ሴሉ ባልተጠናቀቀው ፕሮቲን መጨረሻ ላይ 11 አሚኖ አሲዶች ያሉት «ኤስ.ኤስ.አር.ኤ» የተባለ ጅራት ይቀጥላል። ክሊፕ-ኤክስ-ፒ የተባለው ኢንዛይም ጅራቱን ይይዝና በኤ.ቲ.ፒ ኃይል ፕሮቲኑን እየፈታ ወደ ውስጡ ስቦ ይቆራርጠዋል። በ1998 የጅራቱን የመጨረሻ አሚኖ አሲዶች በመለወጥ አረንጓዴ አንጸባራቂ ፕሮቲን የተለያየ ዕድሜ እንዲኖረው ተደርጓል። ኤሎዊትዝና ላይብለር በ2000 ያቀረቡት፣ ሦስት ዘረመሎች በዙር እርስ በርስ የሚተፋፈኑበት «ሪፕሬሲሌተር» በዚሁ ጅራት ተጠቅሟል።

ይሁን እንጂ በአንድ ሴል ውስጥ ያለው ክሊፕ-ኤክስ-ፒ ውስን ነው። ባለ ጅራት ፕሮቲኖች ሲበዙ ወረፋ ይፈጠራል፤ የአንዱ ምርት ሲጨምር የሌላው መፍረስ ይዘገያል። በ2011 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በዘረመል ደረጃ የማይገናኙ ሁለት ሰርኪቶች በዚህ ወረፋ ብቻ ይቆራኛሉ። ለነዳፊው ይህ ክፉ ችግር ነው፤ ምክንያቱ በዲ.ኤን.ኤው ቅደም ተከተል ላይ ቢፈለግ አይገኝምና።

ከችግሩ መውጫው ባዕድ ኢንዛይም ማስገባት ሆነ። የሜሶፕላዝማ ፍሎረም «ሎን» የራሱን ዝርያ ጅራት ይለያል፣ የኢ. ኮላይን ጅራት ግን አይቀበልም። ካሜሮንና ኮሊንስ በ2014 ይህን ጅራት እያሻሻሉ የተለያየ የማፍረስ ፍጥነት ያላቸውን ቅጂዎች አዘጋጁ፤ ኢንዛይሙም የሚመረተው ተመራማሪው ሲፈልግ ብቻ እንዲሆን አደረጉ። ሥርዓቱ በላክቶኮከስ ላክቲስ ውስጥም ሠርቷል።

የጉዳዩ ክብደት ጎልቶ የሚታየው ከቤተ ሙከራ ማምለጥ የሌለበትን ባክቴሪያ በመቆጣጠር ላይ ነው። በ2016 በቀረበው «ዴድማን» ሰርኪት፣ ለመኖር የሚያስፈልገው ኬሚካል ሲቋረጥ ሎን ይመረትና ለሕዋስ ግድግዳ ግንባታ አስፈላጊ የሆነውን ሙር-ሲን ያፈርሳል። ከመርዛማ ፕሮቲን ጋር ማጣመሩም ተገቢ ነው፤ የሎንን ዘረመል የሚያሰናክል አንድ ሚውቴሽን ብቻውን ሴሉን ሊያተርፈው ይችላልና። ባዕዱ ሎንም ቢሆን አቅሙ የተወሰነ ነው፦ አንድ ዓይነት ጅራት በብዙ ፕሮቲኖች ላይ ከተቀጠለ ወረፋው በአዲሱ መስመር ላይ ይመለሳል።