ከሶፉ የጎደለው ማን ነው?

 

ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረው በጁምዓ ቀን ነበር፤ መጋቢት 4 ቀን 2012። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም መጨባበጥም ተከለከለ። ሚያዝያ 16 ረመዷን ሲገባ፣ ያም ቀን ጁምዓ ነበር፣ መስጂዶቻችን ዝግ ነበሩ። ተራዊሕ በየቤቱ፣ ኢፍጣር በየቤቱ፣ ግንቦት 16 ደግሞ ኢዱም በየቤቱ ሆነ። ያኔ ልጅ የነበራችሁ አሁን አድጋችኋል፤ ብዙው ነገር ተረስቷል። እኔን ግን ያልረሳኝ አንድ ነገር አለ። ዛሬ እሱን ላውራችሁ።

አንጋጫ ውስጥ ሙስሊሞች ብዙ አይደለንም። ጀመዓችን ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ሰው የሚቆምበት ቦታ ይታወቃል። ከመጀመሪያው ሶፍ በስተቀኝ ጫፍ፣ ግድግዳውን ተጠግተው የሚቆሙ አንድ አባት ነበሩ። አዛን ሳይባል ይደርሳሉ፤ ከሶላት በኋላ የሁላችንንም ቤተሰብ በየተራ ይጠይቃሉ። ልጃቸው ደቡብ አፍሪካ ነው። ለከምባታና ለሐዲያ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። በዚያው መጋቢት ደቡብ አፍሪካም አገሩን ሙሉ ዘጋች። ሱቅ ተዘጋ፣ ገቢ ቆመ። የልጃቸውም ስልክ በዚያው ጠፋ።

መስጂዱ ተመልሶ ሲከፈት የአባባ ቦታ ባዶ ነበር። ያኔ ደግሞ ተራርቀን ስለምንሰግድ ሶፉ ሁሉ ክፍተት ነው፤ ማን እንደጎደለ በግልጽ አይለይም። የመጀመሪያውን ጁምዓ “በሽታውን ፈርተው ይሆናል” ብዬ አለፍኩት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። በሦስተኛው ጁምዓ አንድ ትንሽ ልጅ “አባባ የት ሄዱ?” ብሎ ጠየቀ። መልስ ያለው ሰው አልነበረም። የእሳቸው ቁጥር እኔ ስልክ ላይ ነበር። በእነዚያ ወራት በዚያ ስልክ ስንት ቪዲዮ እንዳየሁበት አላህ ያውቃል፤ ለእሳቸው ግን አንድ ቀን አልደወልኩበትም።

በማግስቱ ከሱብሒ በኋላ አራት ሆነን ሄድን። ይህም ሌላ ስህተት ነበር። በእኛ አገር አራት ሰው በማለዳ በር ሲያንኳኳ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። መርዶ ነው። አባባ ገና ሲያዩን እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። “ሞቷል አይደል? እስከ ዛሬ ደብቃችሁኝ ነው?” አሉን። እስኪያምኑን ድረስ ብዙ ለመንናቸው። ለካ እነዚያን ወራት ሁሉ የተቀመጡት ልጃቸው እንደሞተና ሰው ሁሉ ተስማምቶ እንደደበቃቸው አምነው ነው። ሌሊት አይተኙም። ውሻ በጮኸ ቁጥር መርዶ ነጋሪ መጣ ብለው ይነሳሉ። ቆጮው ቀርቦላቸው ሳይነካ ይመለሳል። ልጁ ደግሞ ደህና ነበር። ሱቁ ተዘግቶ የሚልከው ገንዘብ ስላጣ አፍሮ ነው የጠፋው። ይህንን እዚያው በሚኖር ሌላ የአንጋጫ ልጅ በኩል ያረጋገጥነው በዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። የፈጀብን ግማሽ ቀን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብታፍሩም ከእኔ ጋር እፈሩ። አጥር የምትጋራቸው ክርስቲያን ጎረቤታቸው ነገሩን ከእኛ በፊት አውቃው ነበር። በየሁለት ቀኑ በአጥሩ በኩል ትኩስ ነገር ታቀብል ነበር። እኛ የሶፉ ጎረቤቶች ሳናውቅ እሷ አውቃለች።

በመዲና፣ የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ የምትጠርግ አንዲት ሴት ነበረች። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ይህች ሴት ሞተች፤ ሶሃቦችም ነገሯን አቅልለው አይተው ለረሱል ሳይነግሩ ቀበሯት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን አጧት። የት እንዳለች ጠየቁ። መሞቷ ሲነገራቸው ለምን እንዳልነገሯቸው ወቀሱ፣ መቃብሯን አሳዩኝ ብለው ሄደው ሰገዱባት። ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ መስጂድ ጽዳት ወይም ስለ ሶላተል ጀናዛ ሲነገር ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን የመጀመሪያው ክፍል ነው። አንድ ሙሉ ኡማ የሚመሩ፣ ልዑካን የሚቀበሉ፣ ወሕይ የሚወርድላቸው ሰው የአንዲት ጠራጊ ሴት አለመኖር ታያቸው።

በዚያ ወቅት “መስጂድ መዝጋት ከቀደር መሸሽ ነው” የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የሚባል ቦታ ላይ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። አብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም እየሸሹ እንዳይወጡ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ማዘዛቸውን ነገሯቸው፤ ዑመርም ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ብለው ሲጠይቋቸው፣ ከአንዱ ቀደሩ ወደ ሌላው ቀደሩ ነው የምንሸሸው ብለው መለሱ። እስከዚህ ድረስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የታሪክ መጻሕፍት ከዚያ በኋላ የሚነግሩን ግን አለ። ዑመር መዲና ከገቡ በኋላ ለአቡ ዑበይዳ ደብዳቤ ላኩ። አቡ ዑበይዳ ወታደሮቻቸውን ትተው እንደማይወጡ ሲመልሱላቸው ዑመር አለቀሱ፤ ሠራዊቱን ከረግረጉ ወደ ከፍታ ቦታ እንዲያወጡ እንደገና ጻፉላቸው። አቡ ዑበይዳ በዚያው ወረርሽኝ ሞቱ። ሰውነታቸውን ከሻም የመለሱት ዑመር ደብዳቤያቸውን አልመለሱም። እኛ ግን መስጂዱን ስንዘጋ መጠየቁንም አብረን ዘጋነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ በዚያው መጋቢት “ማኅበራዊ ርቀት” ማለቱን ትቶ “አካላዊ ርቀት” ይበል ጀመር። ሰው ከሰው እንዲርቅ አልተፈለገም ነበርና።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። አባባን ካገኘናቸው በኋላ ከመካከላችን አንዱ፣ ክፋት የሌለው ልጅ ነው፣ “አባባ፣ ሙእሚን እንዲህ አያዝንም፣ ኢማንዎን ያጠንክሩ” አላቸው። ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም አልተናገሩም።

ወንድሞቼ፣ ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ) ኢማን ጎድሏቸው ነበር? ሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ አላህ የነገረን ልጃቸውን ከማጣታቸው የተነሣ ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ ማዘናቸውን ነው። ጭንቀታቸውን ለአላህ አቤት አሉ፤ ጭንቀት የለብኝም ግን አላሉም። የልጃቸውን ወሬ ያጡ አባት ናቸውና የአንጋጫው አባባም ታሪካቸው ከዚያ ሩቅ አይደለም። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ መጠበቅን ደጋግመው ይለምኑ እንደነበር አገልጋያቸው አነስ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ለተጨነቀ ሰው “ኢማንህ ደክሞ ነው” ማለት በሕመሙ ላይ ጥፋተኝነት መጨመር ነው። ዱዓ አድርጉለት፣ ቁርኣን ቅሩለት፣ ግን መጀመሪያ አዳምጡት።

ቀጥሎ አብሉት። የዓኢሻን (ረ.ዐ) ልማድ ተመልከቱ። ከቤተሰቧ ሰው ሲሞት ሴቶች ይሰበሰባሉ፤ ብዙው ሰው ተበትኖ የቅርብ ሰዎች ብቻ ሲቀሩ ተልቢና እንዲሠራ ታዝ ነበር። ተልቢና ከገብስ ዱቄት የሚሠራ ቀጭን ነገር ነው፤ አጥሚት በሉት። የታመመን ልብ እንደሚያሳርፍና ከሐዘንም ጥቂት እንደሚያነሳ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰምታ ነው። ሰዓቱን አስተውሉ፤ ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ ነው። እኛ ለድንኳኑ ጊዜ ጎበዞች ነን፤ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ግን አንታይም። እኛ ጋ ገብስም ቡላም አለ። አንድ ጣሳ አጥሚት ይዞ መሄድ አስተዋይ ንግግር ከማዘጋጀት ይቀላል።

በዚምባብዌ፣ ሐራሬ፣ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 14 አያቶችን አሠልጥነው ሥራ ጀመሩ። አያቶቹ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀ ሰው ያዳምጣሉ፤ ከችግሮቹ አንዱን መርጦ መፍትሔ እንዲፈልግ ያግዙታል። በ2016 የወጣ ጥናት ይህ አሠራር ድባቴን በእርግጥ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እነሱ ሕመሙን የሚጠሩት “ሐሳብ ማብዛት” በሚል የሾና ቃል ነው። የእኛ እናቶችም “ሐሳብ በዝቶበታል” ነው የሚሉት። ቡና አፍልቶ የሚያዳምጥ አያት ደግሞ እኛ ጋ አልጠፋም።

ይሁንና ማዳመጥና አጥሚት የማይበቁበት ጊዜ አለ። እንቅልፍ ማጣቱና ምግብ መተዉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፣ ወይም ኑሮ በቃኝ ማለት ከጀመረ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ያልነበረውን ሐሳብ አይፈጥርበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት። “እዚህ የአእምሮ ሐኪም የለም” ማለትም ምክንያት አይሆንም። ከእኛ ብዙም በማይርቀው በጉራጌ ሶዶ ወረዳ በተደረገ ሥራ፣ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች እዚያው ማከም እንደሚችሉ ታይቷል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው ያዘዙት የአካልን በሽታ ብቻ ለይተው አይደለም።

ለእህቶች አንድ ቃል። ሶፍ ቆጥሮ የጎደለውን ማወቅ በአብዛኛው የወንዶች ዕድል ነው። አንዲት እናት ቡና መጥራት ብታቆም፣ ቤቷን ዘግታ ብትውል፣ ጁምዓ ላይ ማንም አያጣትም። የአባባ ባለቤት እነዚያን ወራት ሁሉ ባሏን ስታስታምም የእሷም ልጅ መጥፋቱን ማንም አላሰበም፣ እኛም ጭምር። ስንገባ የጠየቅነው እሳቸውን ብቻ ነበር። እሷን ኋላ ላይ ያስታወሰቻት የአንዳችን እህት ናት።

አሁን በመስጂዳችን አንድ ደብተር አለ። የአዛውንቶችና ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎች ስምና ስልክ ተጽፎበታል፤ እያንዳንዳችን አምስት አምስት ሰው ተካፍለናል። የእናቶቹን እህቶች ይዘዋል። ቤት ከመሄዳችን በፊት እንደውላለን፣ “ለሰላምታ ነው፣ ደህና ነው ሁሉም” እንላለን፣ ከዚያ ሁለት ሆነን ከቀትር በኋላ እንሄዳለን። በማለዳ አንሄድም። አንዳንዱ ቁጥር አይሠራም፤ አንዳንዱ ወር ይዘለላል፤ እውነቱን መናገር ነው። የአባባ ቁጥር የእኔ ድርሻ ነው። ልጃቸው አሁን በየጁምዓው ከሶላት በኋላ ስለሚደውል፣ መስመሩን እንዳልይዝበት እኔ ሐሙስ ማታ ነው የምደውለው።